ምስጡን ያመጣው የእናቴ ብፌ ነው?

ጥያቄውን አንድ የኢንተርኔት መወያያ መድረክ ላይ የለጠፍኩት እሁድ ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነበር። ርዕሱ ከላይ የምታዩት ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ ደሴ ሰኞ ገበያ ያለው ቤታችን ሊከራይ ሲል ዕቃው ተከፋፈለ፤ ለእኔ ብፌው ደረሰኝ። ዋንዛ ነው፤ አባቴ ሲያሠራው እኔ አልተወለድኩም። አይሱዙ ላይ ጭነን፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ አውርደን ኮምቦልቻ ሳሎኔ ጥግ ካቆምነው ሁለት ዓመት አለፈው። ባለፈው ወር ከብፌው ኋላ ስጠርግ የመጥረጊያው እጀታ ዞኮሎውን፣ የግድግዳውን ግርጌ ጣውላ፣ ነካው፤ ዞኮሎው እንደ ብስኩት ተፈረከሰ። ውስጡ ባዶ ነው፣ ቆሞ የቀረው ቀለሙ ብቻ ነበር። ከሥሩ ደረቅ ጭቃ፣ ጭቃው ውስጥ ነጫጭ ነገር ይርመሰመሳል። የመኝታ ቤቱን በር መቃንም ከታች ብጫነው ጣቴ ሰጠመ። ብፌውን ስስበው ደግሞ የኋላ ግራ እግሩ ላይ የክብሪት ጭንቅላት የማያህሉ ክብ ቀዳዳዎች አየሁ።

የባለቤቴ እህት መጥታ አየችና ፍርዷን እዚያው ሰጠች። ቤቱን ያስበላው ከደሴ የመጣው ዕቃ ነው፣ ይውጣና ይቃጠል አለች። ባለቤቴ ዝም አለ። ወደ መድረኩ የወሰደኝ የእሱ ዝምታ ነው። ሦስት ፎቶ አያይዤ፣ እውነት ብፌው ነው ወይ፣ ምንስ ላድርግ ብዬ ጠየቅኩ። መልሱ ከ30 አለፈ። ብዙ ሰው በውስጥ መስመር መጨረሻው ምን ሆነ እያለ ስለሚጠይቀኝ እዚሁ በተራ ቁጥሩ ላስፍረው፤ መላሾቹ ራሳቸው በቁጥር ስለሚጠራሩ ቁጥሩ ካልተያዘ ክርክሩ አይገባም።

መልስ 1 የመጣው ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ነው። ሰውየው ፎቶዎቹን ከፍቶ ያየ አይመስለኝም። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከናፍጣ ጋር ደባልቄ ሁሉንም እንድቀባ አዘዘኝና ሄደ።

መልስ 2 ይህንኑ አጸና። ገራዶ ያለውን የአጥሩን ቋሚዎች በተቃጠለ ዘይት ከቀባ ስድስት ዓመት እንደሆነውና አንዱም እንዳልተነካ ተናገረ። ይህን ምስክርነት ያዙልኝ፤ በኋላ ይፈለጋል።

መልስ 3 ደሴ ውስጥ በአናጺነት ያረጁ ሰው ናቸው። ሰላምታቸው ብቻ ሦስት መስመር ነው፤ እህቴ እያሉ፣ የእናቴን ነፍስ እየማሩ ጀመሩ። ከዚያ መድኃኒት ከመጠራቱ በፊት ተባዩ ይታወቅ አሉ፤ ምክንያቱም በላክኋቸው ፎቶዎች ውስጥ ያለው አንድ ተባይ ሳይሆን ሁለት፣ ያውም የማይዛመዱ ናቸው። ዞኮሎውና መቃኑ ላይ ያለው ምስጥ ነው። ምስጥ ክብ ቀዳዳ አይበሳም፣ ዱቄትም አያራግፍም። ለስላሳውን የእንጨት ክፍል በርዝመቱ እየተከተለ ይበላና ከላይ እንደ ወረቀት የሳሳ ቆዳ ይተዋል፤ የበላበትን በአፈር ይሞላዋል። ብፌው እግር ላይ ያለው ግን የእንጨት ነቀዝ ነው። እሱ ትንሽ ጥንዚዛ ነው፤ እንቁላሉን በእንጨቱ ጥቃቅን የተፈጥሮ ቀዳዳዎች ውስጥ ይጥላል፣ ትሉ ውስጥ ውስጡን ወራት አንዳንዴም ዓመት ሲበላ ከርሞ፣ ክንፍ ሲያወጣ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር የሚሆን ቀዳዳ በስቶ ይወጣል። ስለዚህ ቀዳዳው የወጣበት እንጂ የገባበት አይደለም። ያየሁት ቀዳዳ ሥራው ካለቀ በኋላ የተከፈተ በር ነው።

ዋናውን ጥያቄዬንም አልዘለሉትም። ቤት የሚበላው ምስጥ ጎጆው መሬት ውስጥ ነው፤ ሠራተኞቹ ሰውነታቸው ለስላሳ ስለሆነ ፀሐይና ደረቅ አየር ይገድላቸዋል። ከአፈሩ እርጥበት ጋር የሚያገናኛቸው የጭቃ ዋሻ ካልተሠራ በቀር ወዲያ ወዲህ አይሉም። በፀሐይ፣ አይሱዙ ላይ፣ ደረቅ ዋንዛ ውስጥ ተሳፍረው ከደሴ ኮምቦልቻ አይወርዱም። ብፌው በምስጥ አይከሰስም አሉ። ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ እዚህ ቢቆም መልሴን አግኝቼ ነበር፤ ግን መች ቆሞ።

መልስ 4 አናጺውን ተቃወመ። አጎቱ ከባቲ አልጋ አስመጥቶ አልጋው ምስጥ ይዞ ገብቷል፣ በዓይኑ ያየውን ማንም አያስተባብለውም አለ። መልስ 5 ብፌው የሚሸጥ ከሆነ ዋጋውን ጠየቀ።

መልስ 6 ለሁለቱም እኩል ፈረደ፤ ለ4ኛውና ለአናጺው ማለቴ ነው። አንዲት ልጅ ናት፣ ግብርና የተማረች ትመስላለች። ከአፈር ጋር ሳይገናኝ ደረቅ እንጨት ውስጥ ብቻ የሚኖር የምስጥ ዓይነት በዓለም ላይ እንዳለና እሱ በዕቃ ተጭኖ ሊዛመት እንደሚችል ገለጸች። መለያው ኩሱ ነው። በአፈር ምትክ ከሰሊጥ ያነሱ፣ ጠንካራ፣ ስድስት ጎን ያላቸው ፍሬዎችን በትንሽ ቀዳዳ እየገፋ ያወጣል፤ ጭቃ አይሠራም። ብፌውን አዘንብዬ ሥሩን እንዳይ ነገረችኝ። መሳቢያዎቹን አውጥቼ በስልኬ መብራት አየሁ። የእናቴ ሁለት አዝራር፣ አንድ የ10 ሳንቲም ፍራንክና አቧራ ነው ያለው። ፍሬ የሚመስል የለም። እዚያው መለስኩላት።

ከ7 እስከ 10 ያለው ከመንገድ የወጣ ነው፤ ግን ጥቅም አላጣሁበትም። 7ኛዋ ባለፈው ዝናብ ማግስት መስኮቷ ሥር የክንፍ ክምር አግኝታ ጉንዳን ነው ብላ መጥረጓን ጻፈች። 8ኛው አረማት። ክንፋም ጉንዳን ወገቡ ቀጭን ነው፣ አንቴናው እንደ ክርን ይታጠፋል፣ የፊት ክንፉም ከኋላው ይረዝማል፤ ምስጥ ግን ወገብ የለውም፣ አንቴናው ቀጥ ያለ ነው፣ አራቱም ክንፎቹ እኩል ናቸው። ክንፉን አራግፎ የሚሄደውም እሱ ነው። አሸን የምንለው ይኸው ነው። ቤት ውስጥ የክንፍ ክምር ማግኘት በአቅራቢያው የጎለመሰ ጎጆ አለ ማለት ነው አላት፤ እንደ አሸን ፈላ የምንለው ከየት መጣ መሰለሽ ብሎም አሾፈባት። 9ኛው ሐርቡ ያደገ ነው። አመሻሽ ላይ ፋኖስ ሥር ገበቴ ውሃ አድርገው አሸን ሲሰበስቡ፣ ዶሮዎቹም ጠግበው መራመድ ሲያቅታቸው ያየውን አወራ። 10ኛው ኩይሳ ሥር የሚበቅለውን እንጉዳይ አነሳ። እሱም እውነት ነው፤ ኩይሳ የሚሠራው ምስጥ እንጨቱን ሆዱ ውስጥ ብቻ አይፈጨውም፣ ጎጆው ውስጥ ሻጋታ ያርስበታል፣ እንጉዳዩ የዚያ እርሻ ቡቃያ ነው። ከዚያ እንጉዳይ እንዴት ይጠበሳል የሚል ወሬ ተጀመረና አድሚኑ ወደ እንጨቱ መለሳቸው።

መልስ 11 አናጺው ተመልሰው ነው። ለ6ኛዋ ልጅ ምስጋና አቀረቡ፣ ለ4ኛው መልስ አልሰጡም። ለእኔ አንድ ሥራ ሰጡኝ። ውጭ ወጥቼ፣ ምስጥ ባገኘሁበት ግድግዳ ጀርባ፣ የአፈሩ ከፍታ ከቤቱ ወለል በላይ ነው ወይስ በታች ለክቼ እንድነግራቸው።

በማግስቱ ጠዋት በልብስ ሰፊ ሜትር ወጣሁ። ከዚያ በፊት ያንን ግድግዳ በዚያ ዓይን አይቼው አላውቅም። ባለቤቴ ጽጌረዳ ሊተክል ከሁለት ክረምት በፊት አንድ ጋሪ አፈር አስገልብጦ ነበር። አፈሩ ከወለሉ 12 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ከጽጌረዳው ቀጥሎ የማገዶ ክምር አለ፤ የባሕር ዛፍ ፍልጥ፣ ልጡ ያልተላጠ፣ ግድግዳውን ታኮ። ከበላዩ የሮቶው ቧንቧ ጠብ ጠብ ይላል። አንዱን ፍልጥ ሳነሳው ከሥሩ እስከ ግድግዳው ድረስ እርሳስ የሚያህል ወፍራም የጭቃ መስመር ተጋድሟል። በጥፍሬ ሰበርኩት። ነጮቹ ከሁለቱም በኩል ራሳቸውን ብቅ አድርገው ተመለሱ፤ ጭንቅላታቸው ቡናማ የሆኑት ሁለት ሦስቱ ግን መንጋጋቸውን ከፍተው በሩ ላይ ቆሙ። ቡናዬን ይዤ ተቀመጥኩና እያየሁ ቆየሁ። ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሼ ስመለስ ስባሪውን በእርጥብ አፈር መድፈን ጀምረዋል።

መልስ 12 የእኔ ነው፤ ይህንን ከነፎቶው ለጠፍኩ።

እዚህ ላይ የክሩ ጸባይ ተቀየረ። መልስ 13 የግንባታ ፎርማን ነኝ ባይ ነው፤ እውቀቱ እውነተኛ፣ አንደበቱ ግን አሲድ። እንዲህ ያለ አፈር ግድግዳ ላይ መቆለል ምስጡን በእጅ ይዞ ሳሎን ማስገባት ነው አለ። ከወለል በታች ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር መሠረቱ ተገልጦ መታየት አለበት፤ ጥቅሙ ምስጥ ማለፉን ማስቀረት ሳይሆን፣ የጭቃ ዋሻውን በገላጣው ላይ ካልሠራ ማለፍ ስለማይችል ዓይን እንዲያየው ነው። ከዚያ ሌላ ነገር ጠየቀ። የበረንዳው ደረጃ ሲሞላ የካሳፎርማው፣ ኮንክሪቱ የሚፈስበት ቅርጽ፣ ጣውላ ወጥቷል ወይ? ብዙ ቤት የሚበላው ባለሙያው ቸኩሎ ሥር ቀብሮት በሄደው ጣውላ ነው፤ ምስጡ መጀመሪያ እሱን ይበላል፣ ሲያልቅበት በስንጥቁ ወደ መቃኑ ይወጣል። ኮንክሪት አይበላም፤ ለማለፍ ግን የወረቀት ውፍረት ስንጥቅ ይበቃዋል። ይህን ካለ በኋላ ወደ 1ኛው ዞረ። የተቃጠለ ዘይት ከእንጨቱ ገጽ ብዙም እንደማይዘልቅ፣ እሳት እንደሚያቀጣጥል፣ ከሞተሩ የለቀመውን ብረታ ብረት ይዞ አፈርና ጉድጓድ ውሃ እንደሚበክል፣ መኝታ ቤት ውስጥ ልቀባ የሚለው ደግሞ ምን ዓይነት ጭንቅላት እንዳለው እንደሚገርመው ጻፈ።

መልስ 14 እንደምትገምቱት ነው። 1ኛው ተመልሶ መጣ። ስለ ጭንቅላቱ የተነሳውን በሚገባው ቋንቋ ከመለሰ በኋላ፣ ሥራ የማያውቅ የተማረ ሰው ድሃው በእጁ ያለውን እንዳይጠቀም ያስፈራራል አለ። ምስክር ካስፈለገ የ2ኛው አጥር አለ፣ ስድስት ዓመት።

መልስ 15 አንዲት እናት ናቸው፤ ሁለቱንም ልጆቼ ብለው ካረጋጉ በኋላ ለ2ኛው አንድ ጥያቄ ብቻ አቀረቡ። የአጥሩ ቋሚ የምን እንጨት ነው?

መልስ 16 ከአንድ ቀን በኋላ ነው የመጣው፤ አጭርም ነው። ጽድ ነው አለ። ከአያቱ ቤት የተነቀለ የጽድ ፍልጥ። ወላሂ፣ ለሐቀኝነቱ አከበርኩት።

ከዚያ ሁሉም ስለ ጽድ ሆነ። 17ኛው የሐበሻ ጽድ ቀዩ ልብ ውስጥ ያለው ዘይት ምስጥ እንደሚያባርር፣ የጥንት ደሴ ቤቶች በጭቃ ተመርገው ይህን ሁሉ ዘመን የቆሙት በሱ እንደሆነ፣ ወይራም እንደዚያው ጠንካራ መሆኑን ዘረዘረ። 18ኛው ጨመረበት፤ ልቡ ነው እንጂ ነጩ ዳሩ አይደለም። የየትኛውም ዛፍ ዳር እንጨት ምስጥም ነቀዝም ይበላዋል። ጽድ ነው ተብሎ የሚሸጠው ሞራሌ ብዙ ጊዜ የፈረንጅ ጽድ ነው፤ ስሙ ይመሳሰላል እንጂ ሌላ ዛፍ ነው። ዝግባም ለበር ያምራል፣ ለምስጥ ግን ሲበዛ ይመቻል። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን የመጣው የማገዶ ችግር ለማቃለል ነበር፤ ዛሬ ቋሚውም፣ ማገሩም፣ ወራጁም እሱ ሆነ። ደሴ የሚበዛው ነጩ መሬት ሲነካ ቶሎ ይበላል፤ ቆላ የሚበቅለው ቀዩ ልቡ ይሻላል።

19ኛው የኮምቦልቻ ልጅ ሳይሆን አይቀርም፤ የደሴ ሰው ቤቴ ቆመ ብሎ የሚኮራው በእንጨቱ ሳይሆን በብርዱ ነው አለ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። መንገዱ 25 ኪሎሜትር ቢሆን ነው፤ ምስጥ ግን ሙቀት ይወዳልና ቁልቁል በተወረደ ቁጥር ይበዛል። ደሴ ላይ የሚቆም እንጨት ከሚሴ ላይ አይቆምም። ይህ እውነት ነው፤ ለጥቂት መልሶች ግን የደሴ ጭጋግና የኮምቦልቻ ሙቀት ሲሰዳደቡ አመሹ፣ አልፈዋለሁ።

መልስ 22 የጨረቃን ነገር አመጣ። አያቱ እንጨት የሚቆርጡት ጨረቃ ስትጎድል ነው፤ ስትሞላ የተቆረጠ ይነቅዛል። 23ኛው ሳቀበት። 24ኛዋ፣ ያቺው የ6ኛዋ ልጅ፣ ሳትስቅ መለሰች። ብዙው የእንጨት ነቀዝ የሚፈልገው እንጨቱ ውስጥ የቀረውን ስታርች ነው፤ ስታርቹ ካለቀ ትሉ አያድግም። ቀርከሃ ቶሎ የሚነቅዘው ስታርቹ ብዙ ስለሆነ ነው። ስለ ጨረቃዋ መማል አልፈለገችም፤ ልጡን ቶሎ መላጥና ቀርከሃን ለሳምንታት ወራጅ ውሃ ውስጥ መንከር ግን ስታርቹን ስለሚያጥበው እንደሚሠራ ነገረችው። አያቱ ከቆረጡ በኋላ ወንዝ ውስጥ ይነክሩ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችው። አዎ፣ ቦርከና ውስጥ፣ ድንጋይ ጭነውበት አለ። በዚህ ክር ውስጥ ከሁሉ የወደድኩት ይህን ምልልስ ነው።

መልስ 25 ላይ የደረሰው ነገር ግን አስደነገጠኝ። አንድ ሰው በቅንነት፣ ለእህል የሚጨመረውን ክኒን ብፌው ውስጥ አስቀምጬ በላስቲክ ጠቅልዬ እንዳሳድረው መከረኝ። ተከታዮቹ ሦስት መልሶች በአንድ ደቂቃ ልዩነት መጡ፤ በትልቁ የጮኹ ናቸው። ያ ክኒን የአየር እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። ጋዙ በላስቲክ ስንጥቅ፣ በበር ሥር፣ በጣሪያ ይሄዳል፤ ለተመረዘ ሰው ማርከሻ የለውም። 27ኛዋ ነርስ ናት። የምታየውን ብትዘረዝር እንቅልፍ እንደማንተኛ ብቻ ጽፋ አቆመች። መካሪው ይቅርታ ጠየቀ፣ አድሚኑም ምክሩን አነሳው። ቤቴ ውስጥ ልጆች እንደሚተኙ የጻፍኩት የመጀመሪያው መስመር ላይ ነበር።

መልስ 29 ለጥቂት ሰዓታት የቆየውን ዝምታ የሰበረ ነው። ፎርማኑ፣ 13ኛው። ይህን ጊዜ ድምፁ ለስልሷል። አፈር የሚታከምበት መድኃኒት አለ፤ ግን በእጅ የሚረጭ አይደለም። ድሮ መሠረት ሥር የሚፈሱት ኦልድሪን፣ ዲልድሪን፣ ክሎርዴን የመሳሰሉት አፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ስለማይጠፉና ሰውነት ውስጥ ስለሚጠራቀሙ በ2001 እ.ኤ.አ. በወጣው የስቶክሆልም ስምምነት የታገዱ ናቸው፤ አሮጌ ጆንያ ተገኘ ብሎ የሚያመጣ ሰው ካለ በሩን ዝጊበት አለኝ። ሀገራችንም የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 አላት፤ ጣሳው ላይ የምዝገባ ቁጥርና አማርኛ መመሪያ የሌለውን አለመግዛት ነው። ፈቃድ ያለው ባለሙያ መሠረቱን ተከትሎ ቦይ ቆፍሮ አፈሩን ይቀላቅላል፤ አዲስ ቤት ለሚሠራ ደግሞ ይህ የሚሠራው ወለሉ ከመሞላቱ በፊት ነው። ከሁሉ በፊት ግን አፈሩ ይነሳ፣ ማገዶው ይነሳ፣ ቧንቧው ይጠገን። እርጥበቱና ምግቡ እያለ መድኃኒት መርጨት በቀዳዳ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው። ምስጥ የሚያባርር ብረት በር ግዢ ለሚሉኝም አስቀድሞ መለሰላቸው። ላሜራ በር ያለበት ቤት ውስጥ ምስጡ በመቃኑ ጀርባ በስንጥቅ ወጥቶ የመምህር የፈተና ወረቀትና የሠርግ አልበም ሲበላ አይቷል፤ በሩን አልነካውም።

መልስ 30 ደረቅ ወደብ አካባቢ የሚሠራ ልጅ ነው። ከውጭ በሚገባው ፓሌት (ጭነት የሚደረደርበት የእንጨት ርብራብ) ዕቃ ማሠራት እንደሚሻል መከረ፤ ማህተሙ ላይ ኤች ቲ የሚል ካለ እንጨቱ ልቡ ድረስ 56 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ለ30 ደቂቃ አግኝቷል፣ ኤም ቢ ከሆነ ግን በጋዝ የታጠነ ነውና ለቤት ዕቃ አይመከርም። 31ኛው አንድ ነገር አከለበት፤ ሙቀቱ ውስጡ የነበረውን ይገድላል እንጂ ነገ የሚመጣውን አይከለክልም። ሌላው ደግሞ ታዲያ ብፌውን ዳቦ ቤት ምድጃ ውስጥ እናስገባው አለና ሳምንቱን ሙሉ የተቋጠረ ፊቴ ተፈታ።

መልስ 33 አናጺው ለመጨረሻ ጊዜ። ምስጡን ለፎርማኑ ትተውለት ወደ ብፌው ተመለሱ። ቀዳዳው የቆየ ይሁን አዲስ ይለይ ዘንድ፣ እግሩን በደንብ አጽድቼ፣ ቀዳዳዎቹ ላይ ወረቀት ለጥፌ፣ ከሥሩ ጥቁር ወረቀት ዘርግቼ ብፌውን ሳላንቀሳቅስ እንድጠብቅ። ነቀዙ ካለ የተለጠፈውን ወረቀት በስቶ ይወጣል፤ ጥቁሩ ላይም እንደ ጤፍ ዱቄት የላመ፣ ነጣ ያለ ብናኝ ይወርዳል። የቆየ ብናኝ ይጠቁራል፣ ይጋገራል። አንድ ነገር ግን ከነከናቸው። አራቱም እግሮች ዋንዛ ከሆኑ ለምን አንዱ ብቻ? የእግሩን መርገጫ፣ ቫርኒሽ ያልነካውን፣ ፎቶ አንስቼ እንድልክላቸው ጠየቁኝ።

ላክሁ። የሦስቱ መርገጫ ወርቃማ ቡናማ ነው። የግራ ኋላው ፈዛዛ፣ ወደ ሮዝ የሚያደላ ነጭ ነው፤ የተቀባው ቫርኒሽ ብቻ ከሌሎቹ ጋር ያመሳስለዋል። የባሕር ዛፍ ዳር እንጨት ነው አሉኝ። ይህን ሳነብ ነው ያስታወስኩት። ከአይሱዙ ሲወርድ ያ እግር ተሰብሮ ነበር። እኔ ስላዘንኩ፣ አናጺ አውቃለሁ ያለች ሰው አናጺ አመጣችልኝ፤ በሦስት ቀን ተክቶ፣ ቫርኒሽ ቀብቶ ሰጠን። ነቀዝ ቫርኒሽ በተቀባ ገጽ ላይ አይጥልም፤ ያልተቀባውን መርገጫ ግን ማንም አላሰበውም። ወይም እንጨቱ መጀመሪያውኑ ከነትሉ ነበር የመጣው።

መልስ 35 የእኔ ነው፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ። አፈሩ ተነስቷል፤ ጽጌረዳዎቹ በርሜል ግማሽ ውስጥ ናቸው። ባለቤቴ ቁፋሮውን ራሱ ነው የሠራው፣ ሳይናገር። ማገዶው ከግቢው ማዶ፣ ድንጋይ ላይ ቆርቆሮ ለብሷል። ደረጃው ሥር ሲቆፈር የካሳፎርማ ጣውላ ወጣ፤ ከጣውላው የቀረው ቅርጹ ብቻ ነው፣ ሲነሳ አፈር ሆኖ ፈሰሰ፣ ምስማሩ እጄ ላይ ቀረ። ባለሙያው መጥቶ ቦዩን አከመ፤ የሰበርኳቸውን ዋሻዎች በየሦስት ቀኑ አያለሁ፣ አልተሠሩም። አዲሱ መቃን ከወለሉ በጣት ውፍረት ብረት ጫማ ላይ ከፍ ብሏል፤ ከመቆሙ በፊት እንጨትን ከተባይ የሚከላከሉት 2 እጅ ቦሪክ አሲድና 3 እጅ ቦራክስ በውሃ ተሟሙተው ተቀብቶ ደርቋል። ዝናብ የሚያገኘው ቦታ ላይ ቢሆን ይታጠብ ነበር፤ ይህ ግን ቤት ውስጥ ነው።

ጥቁሩ ወረቀት ላይ ሦስት ትንንሽ የብናኝ ቁልሎች ነበሩ፣ ሦስቱም በግራ ኋላው እግር ሥር። የተለጠፈው ወረቀትም ሁለት ቦታ ተበስቷል። በሦስቱ ዋንዛ እግሮች ሥር ምንም የለም። እግሩን አስወልቄ አቃጠልኩት። አናጺው ከደሴ አሮጌ የዋንዛ ጠረጴዛ እግር ላኩልኝ፤ ዋጋውን ብጠይቃቸው የእናትሽ ዕቃ ነው ብለው ዝም አሉ።

የባለቤቴ እህት ባለፈው ዓርብ ቡና ልትጠጣ መጣች። ብፌው አጠገብ ተቀመጠች፣ ስኒዋን እላዩ ላይ አሳረፈች፣ መቼ ነው የሚወጣው ብላም ጠየቀች። ክሩ ላይ 36 ሆኖ የቆመው መልስ ያቺ አናጺ ያመጣችልሽ ሰው ማን ናት የሚል ነው። እስካሁን አልመለስኩለትም።